«በሩን ክፈት፣ አይደል?»

«ኦፕን ዘ ዶር፣ ኢዝንት ኢት?» አልከኝ። ምኑ ነው ያልሆነው፣ በሩ ወይስ እኔ? እንግሊዝኛው «ዊል ዩ?» ይላል፣ አለቀ።

«አማርኛችን ለሁሉም አይደል ይል የለ?» ትላለህ። ይላል። ግን እስቲ በአማርኛ «በሩን ክፈት፣ አይደል?» በለኝ፤ ማን ይከፍትልሃል? በራስህ ቋንቋ የማትለውን በሰው ቋንቋ ምን አስባለህ?

«ለንደኖችም ኢኒት ይላሉ!» ይበሉ፤ ፈተና ላይ ቀይ እስክሪብቶ ይጠብቀዋል።

«ፕሊዝ ካልኩ ጭራው ላይ የሚቀጠለው ጥያቄ፣ ኩዌስችን ታጉ፣ ምን ያደርግልኛል?» ያደርጋል እንጂ! እኛ ክፈት፣ ክፈቺ፣ ይክፈቱ ስንል አክብሮቱ ግሡ ውስጥ ገብቶ አድሯል። እንግሊዝኛ ለአያትህም ለታናሽህም ያለው አንድ «ዩ» ነው። ታዲያ ማክበሩን የት ያድርገው? ጭራው ላይ ነዋ! «ዊል ዩ» ለወዳጅ ነው፤ ለማታውቀው ሰው ትእዛዝ ትእዛዝ ይሸታል። «ኩድ ዩ» ለዘብ ይላል። «ሲት ዳውን፣ ዎንት ዩ?» እንግዳ መጋበዣ ነው። «ቢ ኳየት፣ ካንት ዩ?» ግን «ዝም አትልም እንዴ!» ነው፤ አለቃህ ላይ እንዳትሞክራት።

«ዶንት ፎርጌት» ብለህም «ዱ ዩ?» እንዳታስከትል፤ «አትርሳ» ብትልም የሚከተልህ ያው «ዊል ዩ» ነው። «ሌትስ ጎ» ካልክ «ሻል ዊ?»።

«ገንዘብ መበደር ብፈልግስ?» ትእዛዙን እርግፍ አድርገህ ተወው። «ዩ ኩድንት ሌንድ ሚ ተን ፓውንድስ፣ ኩድ ዩ?» በል። «ልታበድረኝ አትችልም መቼም» እያልክ መለመን ይመስላል፤ ነውም። ሰውየው ሳያፍር እምቢ እንዲል መንገድ ሰጥተኸዋል፤ ከ«ፕሊዝ» ሁሉ የሚበልጠው ጨዋነት ይሄ ነው፤ ለእኔ ከእንግሊዝኛ ሁሉ የሚያምረኝም ይሄው።

«ባቡር ላይ አንዲት ሴትዮ ዩ ዶንት ማይንድ፣ ዱ ዩ? ብላ መስኮት ልትከፍት ስትጠይቀኝ የስ አልኳት፤ ተቀየመችኝ!» ትቀየም እንጂ! አንተ «አዎ፣ ቅር አይለኝም» ማለትህ ነው፤ እሷ የሰማችው «ቅር ይለኛል» ነው። እኛ አዎ የምንለው ለጠያቂው አሳብ ነው፤ እነሱ ግን የሚመልሱት ለግሡ ነው፤ ቅር ካላለህ «ኖ» ነው መልሱ። ሌላ ጊዜ «ኖ» በላት፣ መስኮቱንም ትክፈት።