ለዘመድ የሚገዛ መጽሐፍ

ሚዛን ተፈሪ ላይ የመጽሐፍ አዟሪ ቀንደኛ ጠላቱ አንባቢ ማጣት አይደለም፤ ዝናብ ነው። ሰማዩ ሲያጉረመርም ላስቲኩን ይጥልና በየበረንዳው ይጠለላል። በላስቲኩ ሥር የሚታየው ግን ምንጊዜም አንድ ዓይነት ነው፤ ሽፋኑ ላይ ወይ አንበሳ፣ ወይ ንስር፣ ወይ ደግሞ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ የቆመ ሱፍ ለባሽ አለ። በራስ የመተማመን መጽሐፍ።

«ጋሼ፣ ለራስዎ ነው?» አለኝ ልጁ።

«ለዘመድ ነው።»

«ይህንን እንኳ ሁሉም ለዘመድ ነው የሚወስደው» አለና በጋዜጣ ጠቀለለልኝ። ከእኔ በፊት ልብ ወለድ ለገዛችው ልጅ ግን ጋዜጣ አላወጣም።

የእኔ በእውነት ለዘመድ ነበር። ቴፒ የሚሠራ የእህቴ ልጅ አለ። ተምሯል፣ ሥራ ይዟል፣ መልኩም አያስከፋም። ስብሰባ ላይ ግን ሊናገር እጁን ማንሳት ይጀምርና መሀል ላይ ሐሳቡን ለውጦ ራሱን ያካል። ሰብሳቢዎቹ ፎረፎር ያለበት ነው የሚመስላቸው።

ባለ አንበሳው መጽሐፍ ያዘዘለት መድኃኒት አጭር ነው፦ በየማለዳው መስታወት ፊት ቆሞ «እኔ ታላቅ ነኝ! እችላለሁ!» ማለት። ኮርኒስ በሌለው የኪራይ ቤት ደግሞ ድምፅ በግድግዳው አናት ዘሎ ከጎረቤት ይደርሳል። አከራይዋ እትዬ ጥቂት ቀን በትዕግሥት አዳመጡና አንድ ጠዋት በሩን አንኳኩ። «ታላቁ ሰውዬ፣ የመብራቱን መቼ ነው የምትከፍለው?»

እትዬ ሳያውቁት ከአንድ ጥናት ጋር ተስማምተዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ጆአን ውድ የተባሉ የካናዳ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው «እኔ የምወደድ ሰው ነኝ» የሚለውን ቃል ሰዎችን አስደጋገሙ። ቀድሞም በራሳቸው የሚተማመኑት ትንሽ ደስ አላቸው። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው የሚያዩት ግን ይባስ ከፋቸው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ ሰውዬው አፉ «ታላቅ ነኝ» ሲል ልቡ «ማን? አንተ?» እያለ ያልተከፈለውን ሁሉ ይቆጥርበታል።

የእንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ነገር የቆየ ነው። ስኮትላንዳዊው ሳሙኤል ስማይልስ ራስን ስለ መርዳት የጻፈው መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። በ1960 ደግሞ ማክስዌል ማልትዝ የተባለ አሜሪካዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም የታዘበውን ጻፈ። አንዳንዱ በሽተኛ አፍንጫው ተስተካክሎለትም መስታወት ውስጥ የሚያየው ያንኑ የድሮውን አፍንጫ ነበር።

በእኛ አካባቢ መድረክ ላይ የወጣ አነቃቂ ተናጋሪ ደግሞ የጌሻን ቡና ሳይጠራ አይወርድም። ታሪኩ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ጫካ፣ ከጌሻ አካባቢ የተወሰደ ዘር ኬንያ ገባ፤ ከዚያ ወደ ታንዛኒያ፣ በ1953 ወደ ኮስታሪካ፣ በ1960ዎቹ ወደ ፓናማ ተሻገረ። ፓናማም ምርቱ ጥቂት ነው፣ ቅርንጫፉ ይሰበራል ተብሎ ለብዙ ዓመት ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። በ2004 በአገሪቱ የቡና ውድድር አንደኛ ወጣና አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር ተሸጠ። በ2019 በዚያው ውድድር ጨረታ ከ1,000 ዶላር በላይ አወጣ። ተናጋሪው እዚህ ላይ ሲደርስ «አንተም ጌሻ ነህ!» ብሎ ይጮኻል፤ አዳራሹ ያጨበጭባል። አንድ ጊዜ ከኋላ የተቀመጡ ገበሬ ብቻ አላጨበጨቡም። «ታዲያ የእኛን ኪሎ በስንት ልትገዙን ነው?» አሉ።

ያ ቡና በጭብጨባ አልጣፈጠም። ፓናማ ያሉት የፒተርሰን ቤተሰብ ከእርሻቸው ከፍ ካለው ቦታ የበቀለውን እሸት ከሌላው ሳይደባልቁ ለይተው አስለቀሙ፣ ለይተው አደረቁ፣ ለይተው ቀመሱ። ሌላ ተአምር የለውም። የእህቴ ልጅም ችግሩ ራሱን ለብቻው ቀምሶ አለማወቁ ነው። አሜሪካ ከገባው የክፍል ጓደኛው፣ ፌስቡክ ላይ ከሚስቀው ባለ መኪና፣ ከታናሽ ወንድሙ ደመወዝ ጋር ተደባልቆ ነው የሚመዘነው። ጥሩ መጽሐፍ ታዲያ ዋጋችንን አይሰቅልም፤ ከድብልቁ ለይቶ ያቀምሰናል።

ስለዚህ ባለ አንበሳውን አስቀመጥኩና ልጁን ሌላ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። መጀመሪያ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ 1958 ዓ.ም.። ጉዱ ካሣን አገር በሙሉ እብድ ሲለው እሱ ግን በሐሳቡ ይጸናል፤ መስታወት ፊት አንድ ቀንም አልቆመም። ቀጥሎ የአቤ ጉበኛ «አልወለድም»፣ 1955 ዓ.ም.። ፅንሱ ገና ማኅፀን ሳለ ከእናቱ ጋር ይሟገታል። በራስ አለመተማመን ከዚህ አይብስም ብላችሁ ስትጀምሩ፣ ያ ፅንስ ከስንቱ ተሰብሳቢ የተሻለ ተከራካሪ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የአእምሮ ሐኪሙ ዶክተር ምሕረት ደበበ «የተቆለፈበት ቁልፍ»ም አለ፤ ምክር በትረካ ሲመጣ እንደ ምክር አይጎመዝዝም። መሳቅ ለሚፈልግ የመስፍን ሀብተ ማርያም «የቡና ቤት ሥዕሎችና ሌሎችም ወጎች»። ከውጭ ከተባለ ደግሞ ከናዚ ማጎሪያ የተረፈው የቪየና ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል በ1946 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ትንሽ መጽሐፍ። ሰውዬው መጀመሪያ ስሙ እንዳይጻፍበት ፈልጎ ነበር፤ ከብዙ መጻሕፍቱ ይበልጥ ያስጠራው ግን ያው መጽሐፍ ሆነ።

የእህቴ ልጅ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለብቻው ማንበብ ሰለቸውና እትዬ ቡና ሲያፈሉ ጮክ ብሎ ያነብላቸው ጀመር። አቦል ላይ ድምፁ አይሰማም ነበር። ቶና ላይ እትዬ «ቆይ፣ ቆይ፣ ይህን የጉዱ ካሣን ድገመው» አሉት፤ ደገመው። በረካ ላይ የጎረቤት ሰው ተጨምሮ ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ክርክር ተነሣ። ልጁም እጁን አነሣ፤ ራሱን ሳያክ ተናገረ። መብራቱንም ከፍሏል።

እንቅልፍና ምግብ እስከ መከልከል ለሚያደርስ ጭንቀት ግን መፍትሔው ሐኪም ነው፤ መጽሐፍ ወረፋ ሲጠብቁ ይነበባል። ከዚያ በመለስ ያለነው መጽሐፉን ከመያዛችን በፊት መሀሉን ገልጠን እንይ። «አንበሳ ነህ» እያለ ከጮኸ ይመለስ፤ ከእኛ የባሰበት ሰው ተነሥቶ ሲሄድ ካሳየን ይነበብ። መግዣ ያጣ ከጓደኛ ይዋስ፣ አንብቦም ይመልስ። በአገራችን የተዋሰውን መጽሐፍ የመለሰ ሰው በራሱ ቢኮራ ማንም አይፈርድበትም።