ያገለገለ ፒፓ እድሳትና የመልካ ወረር እምቅ አቅም፦ የመነሻ ጥናት

አንድ ከተማ የምን ማዕከል መሆን እንደሚገባው የሚወስነው በዙሪያው ያለው ግብዓት ነው፤ ገዢ በኋላ ይመጣል። የአዋጭነት ጥናት ያነበበ ሁሉ ይህን መርሕ ያውቀዋል። በዚሁ መርሕ ከሄድን መልካ ወረር ያገለገሉ የትምባሆ ፒፓዎች ማጽጃና ማደሻ ማዕከል መሆን ነበረባት፤ እስከ ዛሬ ሳትሆን መቅረቷም ከትኩረት ማነስ በቀር ምክንያት አይገኝለትም። ከአዲስ አበባ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል 740 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በአዋሽ ሸለቆ የተቀመጠችው ይህች ከተማ እስካሁን የምትታወቀው በጥጥና በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። ጥጥ ከፒፓ ጋር ያለው ዝምድና ግን ሳይጠና ኖሯል።

ዝምድናውን ለመረዳት ሥራውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠይቃል። ባለቤቱ አጭሶ የተወው ፒፓ ሦስት ደዌ አለበት። የመጀመሪያው ትምባሆው በሚነድበት ጎድጓዳ ውስጥ የተጋገረው ጥላሸት ነው። ይህ ይፋቃል እንጂ ተጠርጎ አይወጣም፤ እንጨቱን ከእሳት ስለሚከልለው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይተውለታል። ሁለተኛው እንጨቱ ለዓመታት የጠጣው ቅጥራንና ሽታ ነው። ለዚህ ጎድጓዳው እስከ አፉ በጨው ይሞላና አልኮል በጠብታ በጠብታ ይወርድበታል፤ ከዚያም ቀጥ ብሎ እንደቆመ ያድራል። አልኮሉ ቅጥራኑን ያሟሟዋል፣ ጨው ይመጠዋል፤ ማታ ነጭ ሆኖ የገባው ጨው ጠዋት ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ሦስተኛው በጥርስ የሚያዘው ጫፍ ነው። ከድኝ ጋር ከበሰለ ጎማ የተሠራ ስለሆነ ፀሐይና አየር ሲነካው ጥቁረቱን ትቶ ወደ አረንጓዴና ቢጫ ይሄዳል፤ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ወደ መልኩ ይመለሳል። ቀዳዳው በሽቦ ላይ በተጠመዘዘ ጥጥ ይጠረጋል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም በሰም ይወለወላል።

አሁን ግብዓቶቹን እንቁጠር። ጨው ከዚያው ከአፋር፣ ከአፍዴራ ይመጣል፤ የዳሎል አሞሌ ደግሞ ለዘመናት በአገሪቱ ገበያዎች ገንዘብ ሆኖ የሠራ ጨው ነውና ፒፓ ለማጠብ ክብር ያንሰዋል የሚል አይኖርም። አልኮሉ በዚያው በአዋሽ ላይ ከፍ ብሎ ካለው ከመተሐራ ይገኛል፤ ስኳር ፋብሪካው ከሞላሰስ ኢታኖል ያወጣል። አረቄም ቢሆን ተፈትሿል፤ ዳግም የወጣው እንኳ ከግማሽ በላይ ውኃ ነው፣ ውኃ ደግሞ እንጨት ያሳብጣል። ጥጡ ከተማዋ ባለችበት በአሚባራ እርሻ ላይ ቆሟል። ሰም በማር አገር አይታጣም። እንጨቱ ደግሞ የጥናቱ ትልቁ ግኝት ነው። ፈረንጆች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ፣ በተለይ ሴን ክሎድ በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ፣ ምርጥ ፒፓ የሚጠርቡት ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ላይ ከሚወጣ እባጭ ነው። ያ ተክል በስሜንና በባሌ ተራሮች ሞልቶ የበቀለው፣ እኛም አስታ ብለን የምናነደው ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ መልካ ወረር ውስጥ ፒፓ የለም የሚል ይሆናል። እውነት ነው፤ በሌላውም የአገሪቱ ክፍል ብዙ አይገኝም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆ የሚያጨስን ሰው ከንፈር ያስቆርጡ ነበር ይባላል፤ ይህ ለአሮጌ ዕቃ ንግድ የሚመች ፖሊሲ አልነበረም። በገጠር የሚያጨሰውም ጋያውን ይዟል፤ ጋያ ደግሞ ቅልና መቃ ስለሆነ ሲያረጅ በአዲስ ይተካል እንጂ አዳሽ አይቀጠርለትም። ይሁንና የጥናት ቋንቋ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንቅፋት አይደለም፤ ገበያው ገና አልተያዘም ማለት ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ሙስሊም በሆነ አካባቢ በሊትር የሚቆጠር አልኮል ማስገባት አይገባም ይላል። ነገሩ የሚያሳስብ ነው፤ ሆኖም ጠጪው ፒፓው መሆኑ በሰነድ ሊረጋገጥ ይችላል። ሦስተኛው ስለ ሙቀቱ ነው። የንብ ሰም ከ62 ዲግሪ ጀምሮ ይቀልጣል፤ ለዚህም ሲባል ፈረንጆቹ ከ80 ዲግሪ በላይ የሚችለውን የብራዚል ዘንባባ ሰም ይመርጣሉ። የወረር አየር ግን ምንም ቢከፋ 62 አይደርስምና ሰማችን በጥላ ሥር ይጸናል፤ ፒፓውን ካልለኮሱት።

አለመለኮሱ ደግሞ ለአራተኛው ተቃውሞ መልስ ይሆናል። ትምባሆ ይገድላል፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። ጥናቱ ከሁለቱም ጋር ይስማማል። የሚያቀርበው ማጽዳትን እንጂ ማጨስን አይደለም፤ የጸዳው ፒፓ መስታወት ውስጥ ይቀመጣል። ያልተጨሰበት ፒፓ ዳግም ስለማይቆሽሽ ማዕከሉ ሥራ ሊፈታ ይችላል የሚለው ስጋት የዘላቂነት ጉዳይ ስለሆነ ለሁለተኛው ምዕራፍ ተላልፏል።

የቀረው ጠንካራው ተቃውሞ ነው፦ ነዋሪው ያልጠየቀውን ነገር ወደ አሚባራ ማምጣት ምን እንደሚያስከትል ታይቷል የሚለው። ፕሮሶፒስ በ1970ዎቹ ወደ መካከለኛው አዋሽ የገባው በረሃማነትን እንዲገታ ነበር። ግብዓት ላይ የያኔው ጥናት አልተሳሳተም፤ ዛፉ ሙቀቱን ይችላል፣ ድርቁን ይችላል፣ ይበቅላል ተባለ፣ ሁሉም ሆነ። ዛሬ በአፋር ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሸፈነ ይገመታል፤ ሣሩን አጥፍቶ፣ የከብቱን መንገድ በእሾህ ዘግቶ። ያኔ ሳይጠየቅ የቀረው አርብቶ አደሩ ብቻ ነው። ጥናቱ ይህን አይክድም፤ ስለ ፒፓም አርብቶ አደሩ አልተጠየቀም። ልዩነቱ ፒፓ ዘር የለውም፣ ፍየል በልታ በፋንድያዋ አትበትነውም። የፒፓ ማዕከል ቢከሽፍ ክሽፈቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት ይቀራል፤ ይህን ዋስትና በጽሑፍ ለመስጠት የሚደፍር ሌላ ፕሮጀክት እስኪቀርብ ድረስ ቅድሚያው ለፒፓ እንዲሆን ጥናቱ በአክብሮት ያሳስባል።