«እንብላ» በኬላ

ከናሚቢያ ወደ ቦትስዋና በንጎማ ድልድይ ስንሻገር ፓስፖርታችንን ያየው ሰው ቀና ብሎ እንኳ አላየንም፤ ማህተሙን አሳርፎ ሸኘን። ጫማችን ግን እንዲህ በቀላሉ አላለፈም።

ፈታሿ ደልደል ያሉ ሴትዮ ናቸው። ከቡድናችን አንድ ጀርመናዊ ወጣት ቀድሞ ደርሶ «የት ነው የምፈርመው?» አላቸው።

«እንደምን አደርክ?»

«የት ነው የምፈርመው?»

«እንደምን አደርክ?»

ሦስተኛው ላይ ገባው። ደህና ማደሩን ከነገራቸው በኋላ መድኃኒት የተነከረ ምንጣፍ አስረገጡትና «ሌላ ጫማ የለም?» አሉ። ሌላ ጫማ የሌለው መንገደኛ የት አለ! መኪናችን ከነድንኳኑ ተራገፈ። ሸራ ጫማው፣ ነጠላ ጫማው፣ ቦቲው፣ አንዷ ለቪክቶሪያ ፏፏቴ ምሽት ያስቀመጠችው ባለ ተረከዝ ሳይቀር በየተራ ተነከረ። የተረከዙን ጫፍ ደግመው አስነከሩት።

ነገሩ የከብት ነው። ቾቤ ዳር ጎሽና የቤት ከብት ውሃ ስለሚጋሩ አፍተግር ያሰጋል፤ ቦትስዋና ደግሞ ከ1975ቱ የሎሜ ስምምነት ወዲህ የበሬ ሥጋዋን ለአውሮፓ ገበያ በልዩ ውል ስታቀርብ ኖራለች። ገዢ በሽታ ከሰማ አይገዛም። ስለዚህ አገሩ በአጥር ተከፋፍሏል፤ በአጥሩ መተላለፊያ ኬላ አለ። አውሮፓውያኑ ባልንጀሮቼ እያጉረመረሙ ጫማቸውን የሚነክሩት ለገዛ አገራቸው ጥብስ መሆኑን ስነግራቸው አንዳቸውም አልሳቁም። እኔ ራሴ በከብቱ ብዛት ከሚኮራ አገር መጥቼ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በቀር ስለ ጫማዬ የጠየቀኝ አልነበረም።

ቀጥሎ የማቀዝቀዣው ሣጥን ተከፈተ። ጥሬ ሥጋ አያልፍም። «ወይ እዚህ ይጣላል፣ ወይ እዚሁ ይበላል» አሉ ሴትዮዋ። ወጥ ቤታችን ጋዙን ለኮሰና የራት ሥጋችን በጠዋት ዛፍ ሥር ተጠበሰ። ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር እኔ ዳቦ በማርማላታ ይዤ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ ግን ቆመው ያያሉ። ሰው እያየ ዝም ተብሎ አይበላም። ሳላስበው ሰሃን ሞልቼ «እንብላ» አልኳቸው።

«ጉቦ ነው!» ብሎ ሹክ አለኝ ጀርመናዊው።

ዩኒፎርም ለለበሰ ሰው የተዘረጋ ሰሃን ከሩቅ ምን እንደሚመስል አላጣሁትም። ግን እንብላ እኮ አብዛኛውን ጊዜ እንዲበሉልን የምንለው አይደለም። እኛ «እንብላ» እንላለን፣ ሰውየው «ብሉ፣ አሁን በላሁ» ይላል፣ አለመብላቱን ሁለታችንም እናውቃለን፣ በሰላም እንለያያለን። ጣጣው ይህን ውል የማያውቅ ሰው ሲገጥም ነው።

«አንተ ራስህ አትበላም?» አሉኝ።

«ጾም ላይ ነኝ።»

«የማትበላውን ለእኔ?» ሥጋውን በጥርጣሬ አዩት። ረቡዕና ዓርብን፣ ወተቱን፣ ቅቤውን፣ እንቁላሉን አንድ በአንድ አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ «ዓሣስ?» አሉ።

«እሱ ላይ እኛም አልተስማማንም።»

መልሱ ሳያስደስታቸው አልቀረም፤ ፈገግ አሉ። «ሥራ ላይ ነኝ፣ አልበላም» አሉና ወደ በሩ ዞረው ተጣሩ። ፈረቃውን የጨረሰ ዘበኛ መጣ። ሁላችንንም በየተራ ሰላም አለ፤ ጀርመናዊው ብድግ ብሎ ቀድሞ እጁን ዘረጋ። ዘበኛው አንድ ቁራጭ አነሣ፤ ቀስ ብሎ አላመጠ።

«የናሚቢያ ነው?»

«አዎ።»

«ያስታውቃል» አለና ሰሃኑን ተቀበለኝ።