ባትሪ በቅቤ ሚዛን

ሆሳዕና ገበያ ውስጥ፣ ቅቤ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ የድሪል ባትሪ ያስቀመጠ ሽማግሌ ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም። ቅቤ ሻጯ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥላ እኔን አየችና «ጋሼ፣ ይሄ ሲነጠር ስንት ይወጣዋል?» አለችኝ። ዙሪያዋ ያሉት ሴቶች ሳቁ። ረዳቴ ከእኔ ጋር መታየት አሳፍሮት በርበሬ ተራ ገብቶ ተደበቀ። ይሳቁ፣ ይደበቅ። «6 አምፔር ነው፣ ኦርጅናል ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ባትሪ 400 ግራም እንኳን አልሞላም። ቅቤ ውስጥ ሙዝ ከቶ የሚሸጥ እንዳለ እሰማ ነበር። ባትሪ ውስጥ አየር ከቶ የሚሸጥ ግን በዕድሜዬ ማምሻ አየሁ።

የሚዛኑን ብልሃት የነገረኝ ፖሊ ቴክኒክ የሚማር የጎረቤት ልጅ ነው። የእነዚህ ባትሪዎች ሆድ ሲከፈት አውራ ጣት የሚያህሉ ሴሎች ተደርድረው ይገኛሉ፤ የተለመደው ሴል አንዱ 45 ግራም አካባቢ ይመዝናል። አምስቱ በተርታ ሲያያዙ 18 ቮልት ይሰጣሉ። አምፔሩ እንዲበዛ ሲፈለግ ሌላ አምስት ከጎናቸው ይጨመራል። አሥር ሴል እንግዲህ ብቻውን 450 ግራም ነው፤ ፕላስቲኩና ብረቱ ሲታከልበት ከግማሽ ኪሎ አልፎ ይሄዳል። ላዩ ላይ 6 ተጽፎበት እጅ ላይ እንደ ባዶ ጣሳ የሚቀል ካጋጠማችሁ ቅቤ ተራ ውሰዱት። ሴትዮዋ ለምዳለች፣ አሁን አትስቅም።

እኔ አናጺ ነኝ። አርባ ዓመት በርና መስኮት ገጥሜያለሁ፣ ቁም ሳጥን ሰቅያለሁ፣ ኮርኒስ መትቻለሁ። ስጀምር ግድግዳ ማለት ባሕር ዛፍና ጭቃ ነበር። ምስማር የትም ብትመታ ይገባል፤ ካልገባም አንድ ጣት ወደ ግራ ትሄዳለህ፣ ማንም አይቆጣህም። አሁን ከሆሳዕና እስከ ሾኔ፣ ከዱራሜ እስከ ሺንሺቾ፣ ደቡብ አፍሪካ ሰው የሌለው ቤት ካገኘህ ንገረኝ። ልጅ ብር ይልካል፤ ጓሮው ውስጥ እንሰቱ ይነቀልና ብሎኬት ይደረደራል፣ አርማታ ይሞላል፣ ፎቅ ይወጣል። እናትየው የተነቀለውን እንሰት እያየች «ቆጮው ከየት ሊመጣ ነው?» ትላለች፤ እሱ የእሷ ለቅሶ ነው። የእኔ ለቅሶ ምስማሩ ነው። አርማታ ላይ ስትመታው ጥምዝ ይልና ተመልሶ ግንባርህን ይፈልጋል። ስለዚህ መበሳት፣ ፊሸር መክተት፣ ብሎን ማሰር ግድ ሆነ።

ለዚያውስ ባለ ገመዱ ድሪሌ መቼ አነሰኝ? ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሲገነባ አብሮኝ የዋለ ነው። ሲደክመው ካርቦኑን እቀይርለታለሁ፣ ይነሳል። የጎደለው እሱ ጋ አይደለም፣ መብራቱ ጋ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ገመድ ጎትተህ፣ የጎረቤት ሶኬት ለምነህ፣ «ቆጣሪዬን ጨረስክብኝ» የሚል ስድብ ጠጥተህ፣ ልክ ፑንታው ግድግዳውን ሲነካ መብራት ይሄዳል። ይሄኔ ረዳቴ ስልኩን ያወጣና የባለ ባትሪ ድሪል ቪዲዮ ያሳየኛል። ግድግዳው በቪዲዮው ውስጥ ሁልጊዜ ይበሳል። ቪዲዮ ውስጥ ፌሮ የለም።

ረዳቴ ባለ ባትሪ ድሪል ትናንት የተፈጠረ ይመስለዋል። ብላክ ኤንድ ዴከር የመጀመሪያውን ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ እኩያዬ ነው። ልዩነታችን ለእኔ ትርፍ ባትሪ አለመሸጡ ብቻ ነው።

ተሸነፍኩና ዋጋ ጠየቅሁ። ዋጋው አስደነገጠኝ፤ ቤቴ ገብቼ ላስብበት አልኩ። እያሰብኩ ሐምሌ 2016 መጣና ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ተባለ። 57 ብር የነበረው ዶላር ከመቶ ሲያልፍ ድሪሉም አብሮ ዘለለ። ማሰብ እንደዚህ ውድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ርካሹን ፈለግሁ፤ ርካሹም እኔን ይፈልግ ኖሯል፣ ተገናኘን።

ስሙን ከማልጠራው ሱቅ ነው የገዛሁት። ሳጥኑ ሲከፈት የሙሽራ ሻንጣ ነው የሚመስለው፤ ፑንታው፣ የካቻቢቴው ጫፍ፣ ጓንቱ ሳይቀር ተደርድሯል። ባትሪው ላይ በትልቁ 48 ቮልት ተጽፏል። ባለ ሱቁ «ጋሼ፣ የሌላው 18 ነው፣ ይሄ 48» አለኝ። እኔም ሂሳብ እንደሚችል ሰው ራሴን ነቀነቅሁ። ያ የፖሊ ቴክኒክ ልጅ ጢም ብሎ የሞላውን ባትሪ በሜትር ለካውና 21 አለኝ። «የቀረው 27 ቮልት የት ሄደ?» ብዬ ሱቁ ተመለስኩ። «መንገድ ላይ ፈስሶ ይሆናል» አለኝ ያ ባለጌ። ጨዋ የሚባሉት ፋብሪካዎችም ከዚህ ጨዋታ ንጹሕ አይደሉም። አሜሪካ 20 ብለው የሚሸጡትና ሌላ አገር 18 የሚሉት ያው አምስት ሴል ነው፤ አንዱ ከቻርጀር እንደወረደ ያለውን ጉልበት ይቆጥራል፣ ሌላው ሥራ ላይ ያለውን። ሰውስ ቢሆን ጠዋት ከቁርስ በኋላና ማታ ስድስት ሰዓት ላይ አንድ ነው? ያ ርካሽ ድሪሌም በሁለተኛው ወር ፑንታ የሚነክሰው አፉ እንደ እኔ ጥርስ መነቃነቅ ጀመረ።

ጆሃንስበርግ ያለው የእህቴ ልጅ ይህን ሰማና «አጎቴ አትጨነቅ፣ ዋናውን እልክልሃለሁ» አለ። ከውጭ ማስመጣት ለሀዲያ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ሆስፒታላችን በስሟ የሚጠራው የሀዲያዋ ልጅ ንግሥት እሌኒ፣ ማቴዎስ የሚባል መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል የሰደደችው እ.ኤ.አ. በ1509 ገደማ ነው። የፖርቱጋል መልእክተኞች እሱን ይዘው ምጽዋ የደረሱት በ1520። አሥራ አንድ ዓመት! የእኔ ድሪል በዓመት ከአራት ወር ስለደረሰ ማማረር አልነበረብኝም።

ግን አማረርኩ። ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ ቡና ተፈልቶ ካርቶኑ ተከፈተ። ድሪሉ አለ። የጎን እጀታው አለ። ባትሪ የለም። ቻርጀር የለም። ካርቶኑን ገልብጬ አራገፍኩት፣ አንዲት ወረቀት ወደቀች። ደወልኩ። «አጎቴ፣ እዚህ እኮ ድሪሉ ለብቻው፣ ባትሪው ለብቻው ነው የሚሸጠው። ለብቻው ሲሆን ይረክሳል» አለኝ። በሬውን ዛሬ ልኮ እግሩን በሚቀጥለው መኪና እንደ ማለት ነው። ይባስ ብሎ ባትሪው በአውሮፕላን ሕግ አለበት፤ ትርፍ ባትሪ ከታች ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ መንገደኛው በእጁ ይዞት ነው የሚገባው። ልኩም እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። 18 ቮልቱን በ5 አምፔሩ ስታባዛ 90፣ ያልፋል። በ6 ስታባዛው 108፣ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። ባለ 5ቱን የጸሎት ቤታችን ሰው ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጎን አድርጎ አመጣልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

ቻርጀሩም አብሮ መጣ። መሰኪያው ሦስት ወፍራም እግር አለው፤ ጉልቻ በሉት። የእኛ ሶኬት ቀዳዳው ሁለት፣ የእነሱ እግር ሦስት። ሚስቴ «ድስት ልጣድበት?» አለች። መቀየሪያ ፍለጋ ሆሳዕናን ሁለት ቀን ዞርኩ። ያም ሆኖ ቮልቱ ከእኛው ጋር ስለሚገጥም ተመስገን ነው። ከአሜሪካ የተላከለት ጎረቤቴ የ120 ቮልት ቻርጀሩን በእኛው 220 ላይ ሰካው። አንዴ ጨሰ፣ አለቀ።

ከዚያ ረዳቴ «አንዱ ሲሞላ አንዱ እንዲሠራ ሁለተኛ ባትሪ ያስፈልገናል» አለ። እውነቱን ነው፣ ግን እውነት መናገሩ አናደደኝ። ቅቤ ሚዛን ላይ ያወጣሁት ያንን ሁለተኛውን ነው። ቀለሙ ልክ እንደ ዋናው፣ ጽሑፉ ልክ እንደ ዋናው፣ ክብደቱ ብቻ የራሱ።

ስለ ሀመሩም፣ ስለ ድሪሉ መዶሻ ማለቴ ነው፣ የምለው አለኝ። የድሪሉ አንገት ላይ የሚዞር ቀለበት አለ፤ ሦስት ሥዕል አለበት፤ ብሎን፣ ፑንታ፣ መዶሻ። ረዳቴ መዶሻዋን ስለሚወዳት ከእሷ ላይ አያነሳውም። የበር እንጨት በመዶሻ፣ ላሜራ በመዶሻ። አንድ ቀን ብሎኬት በመዶሻ በሳ። ብሎኬት ሆዱ ባዶ መሆኑን እየነገርኩት ነው። ከፊት ቆንጆ ቀዳዳ ወጣ፣ ከውስጥ ግን ግድግዳው ተፈርክሶ ኖሮ ፊሸሩን ስንከተው እንደ ዘቢብ ዋጠው። ብሎኬት ያለ መዶሻ ቀስ ተብሎ ነው የሚበሳ። መዶሻዋ ለኮለንና ለቢም ናት። እሷም ብትሆን የሚወራላትን ያህል አይደለችም። ውስጧ ጥርስ ያላቸው ሁለት ክብ ብረቶች ናቸው፣ አንዱ ሌላውን እየዘለለ ነው ያ ሁሉ ጩኸት። አንተ ካልገፋህ እሷ አትመታም፤ የሚደክመው የአንተ ትከሻ ነው። በአየር ግፊት ራሱ የሚደበድብ፣ ፑንታው ቦይ የተቆረጠለት ሌላ ዓይነት አለ፤ ቀኑን ሙሉ አርማታ ሲበሳ የሚውል ሰው እሱን ይግዛ። እኔ በቀን አሥር ቀዳዳ ለምበሳው ይሄኛው ይበቃኛል። ይበቃኛል ያልኩት ረዳቴ ሳይሰማ ነው።

የጎን እጀታውን ግን ከካርቶኑ አውጡት። እኔ «ይሄ ለሴት ነው» ብዬ ተውኩት። ኮለን እየበሳሁ ፑንታው ፌሮ ነከሰና ቆመ፤ ድሪሉ ግን አልቆመም፣ በእጄ አንጓ ዙሪያ ዞረ። ወጌሻው እጄን እያሸ «ከማን ጋር ተጣላህ?» አለኝ። «ከኮለን ጋር።» «እሱስ ምን ሆነ?» «ምንም።» ሚስቴ ያን ቀን ብዙ አልተናገረችም፤ እጀታውን ብቻ አምጥታ ምሳ ሳህኔ አጠገብ አስቀመጠችው።

ሻጮቹ አሁን የሚመኩት «ካርቦን የለውም» እያሉ ነው። ካርቦን ከሌለው ሲደክመው ምኑን ልቀይርለት? ብል፣ አይደክመውም አሉኝ። ከካርቦኑ ፋንታ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው ያለው፤ እሱ የተቃጠለ ዕለት እኔ የማውቃቸው ጠጋኞች ከንፈር መምጠጥ እንጂ ሌላ አይችሉም። እውነቱን ለመናገር የእህቴ ልጅ የላከው ካርቦን የለውም፤ ዓመት ሠርቶ አልከፈትኩትም፣ አንዴ ሞልቼው ከባለ ካርቦኑ ይልቅ ብዙ ይበሳልኛል። ይህን መናገሬ አያስደስተኝም።

ወጣት አናጺ መጥቶ «ጋሼ፣ የትኛው ነው የሚበረክት?» ሲለኝ ሌላ አልመልስም፤ «ጎረቤትህ የያዘው ድሪል ቀለሙ ምንድን ነው?» እለዋለሁ። ድሪሉማ ይበረክታል። የሚሞተው ባትሪው ነው፤ የአንዱ ፋብሪካ ባትሪ ደግሞ ሌላው ላይ አይገባም። የሀዲያና የከምባታ ሰው ከጎሳው አያገባም። ይሄ ባትሪ ግን ከጎሳው ውጭ ሞቶ አያገባም። ሰማያዊ ይዘህ ቢጫ ሰፈር ከገባህ ማንም አያበድርህም። እኔ ይህን ያወቅሁት ዱራሜ ላይ ነው።

ዱራሜ የሠራሁት ቤት ለመሳላ፣ ለከምባታው መስቀል፣ መድረስ ነበረበት፤ ልጆች ከያሉበት ይገባሉ፣ ባለቤቱም ቀኑን ሦስቴ ይደውላል። የቀረን አራት ቀዳዳ ነው፤ የሳሎኑ ቁም ሳጥን፣ ኮለን ላይ። መብራት የለም። ዋናው ባትሪ ሦስቱን በሳና አራተኛው ላይ ቃተተ። ባለ ቅቤ ሚዛኑን ስከትበት አንዴ ዞረና ጸጥ አለ። ከታች ፎቅ የሚሠራ አንድ ሰው፣ የእኛው የሆሳዕና ልጅ፣ የእኛኑ ቀለም ይዞ ኖሯል። ባትሪውን አበደረኝ፣ አራተኛው ተበሳ፣ ቁም ሳጥኑ ተሰቀለ። እኔም አመስግኜ መለስኩለት።

በሳምንቱ እሱ ደግሞ የእኔን ሊዋስ መጣ፣ ያንን ባለ መጽሐፍ ቅዱሱን። እንዴት እከለክላለሁ? ይኸው ከመስቀል ጀምሮ እሱ ጋ ነው። እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት ፊት ለፊት እንገናኛለን። እኔን ሲያይ ዓይኑን ይጨፍንና ጸሎት ይጀምራል፤ እኔ ወጥቼ እስክሄድ ድረስ አይጨርስም።