ጆሮዋን ልቀቁ፣ እግሯን ያዙ

«ጥንቸል ደግሞ ጥፍር ልትቆረጥ?» ይላል እንግዳው፣ ሻዩ ሳይበርድ።

አዎ፣ ትቆረጣለች! አሥራ ስምንት ጥፍር አላት፤ በእያንዳንዱ የፊት እግሯ 5፣ በእያንዳንዱ የኋላ እግሯ 4። ካላመንክ ጎንበስ ብለህ ቁጠር።

«በዱር ማን ይቆርጥላታል?»

በዱር መሬቱ ይቆርጥላታል። የቤት ጥንቸል ዘሯ የሚመዘዘው ከስፔንና ከፖርቱጋል አካባቢ ነው፤ የዱር ዘመዶቿ ዛሬም ጉድጓድ እየማሱ፣ ጉድጓዱን ከጉድጓድ እያገናኙ ይኖራሉ። አፈር የሚምስ ጥፍር ያልቃል። አንተ ያነጠፍክላት ምንጣፍ ነው፤ ምንጣፍ ጥፍር ይይዛል እንጂ ጥፍር አይጨርስም። መሬቷን የወሰደባት ሰው የመሬቱን ሥራ ይሥራላት!

«ጥንቸል ቤት ውስጥ ማኖር የዛሬ ልጆች ያመጡት ፋሽን ነው» የሚልም አለ። እዚህ አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሀውስ ራቢት ሶሳይቲ የተባለው የቤት ውስጥ ጥንቸሎች ማኅበር የተቋቋመው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ልጅ የምትሉት ያኔ አልተወለደም።

እማማ ደግሞ ከበሩ ሳይገቡ ይጀምራሉ። «አንቺ ልጅ፣ ይቺ እኮ ርኩስ ናት! እንዴት እጅሽን ታሳርፊባታለሽ?»

እማማ፣ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 አትብሏት ነው የሚለው፤ እኔም አልበላኋትም። ጥፍሯን አትቁረጡላት የሚል ቁጥር ካገኙ ያሳዩኝ፣ መቁረጫውን ዛሬውኑ አስቀምጣለሁ። እስከዚያው ግን የማትበላ እንስሳ ረጅም ዕድሜ አላት። በደንብ የተያዘች የቤት ጥንቸል 8፣ 10፣ አንዳንዴም 12 ዓመት ትኖራለች፤ ጥፍሯም ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል። በየወሩ ማየት ነው፤ ረዝሞ ሲገኝ መቁረጥ ነው።

«ቢረዝምስ ምን ትሆናለች?»

መጀመሪያ ምንጣፍ ላይ ይያዝባታል፤ ደንግጣ ስትዘል ከሥሩ ይነቀላል። ይህ ፈጥኖ የሚታየው ነው። ቀስ ብሎ የሚመጣው ይብሳል። ውሻና ድመት መዳፋቸው ሥር ወፍራም የቆዳ ትራስ አላቸው፤ ጥንቸል የላትም፤ የምትረግጠው በጠጉሯ ብቻ ነው። ጥፍሩ ሲረዝም ጣቶቿ ወደ ላይ ይገፋሉ፣ ክብደቷ ሁሉ ተረከዟ ላይ ይወድቃል፣ ጠጉሩ ይመለጣል፣ ቆዳው ይቆስላል። ችላ ከተባለ ቁስሉ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። እና ጥንቸል አታለቅስም። ሕመሟን ትደብቃለች፤ ያመመው ታዳኝ እንስሳ መጀመሪያ የሚበላው እሱ ነውና።

ጋሼ ጣልቃ ይገባሉ። «በጆሮዋ አንጠልጥለሽ ጨርሻት እንጂ! አስማተኛው ከባርኔጣ ሲያወጣት በጆሮዋ አልነበረም እንዴ?»

ጋሼ፣ አስማተኛው ጥፍር አልቆረጠም! ጆሮዋ በደም ሥር የተሞላ ስስ ነገር ነው፤ ሙቀቷን የምታበርደው በሱ ነው። ደግሞ በጆሮዋ ስትንጠለጠል የኋላ እግሮቿ አየር ላይ ይቀራሉ። እዚህ ላይ ልብ ይበሉልኝ፦ የጥንቸል አጥንት ሁሉ ተደምሮ ከክብደቷ 8 በመቶ ገደማ ነው፤ የድመት ከ12 በመቶ ያልፋል። አጥንቷ ቀላል፣ የኋላ እግሯ ጡንቻ ግን ኃይለኛ። አየር ላይ ሆና አንዴ በኃይል ብትራገጥ የገዛ ጡንቻዋ የገዛ ወገቧን ይሰብራል። ወገቧ የተሰበረ ጥንቸል የኋላ እግሯ ሽባ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ለሐኪሙ የሚቀረው ሥራ ከስቃይዋ ማሳረፍ ብቻ ነው። ለአንድ ጥፍር ይህን ያህል ዋጋ?

አሁን ደግሞ አዋቂው መጣ። በየሄድኩበት የማገኘው ይሄኛው ነው፤ ከሁሉም አብልጦ የሚያበሳጨኝም እሱ ነው፤ ምክሩ ያማረ ስለሚመስል።

«እኔ ብልሃቱን አውቀዋለሁ፤ በጀርባዋ አስተኚያትና ሆዷን አሻሺ፤ ወዲያው እንቅልፍ ይወስዳታል» ይላል።

እንቅልፍ አይደለም! ዓይኗን እያት፣ ፈጧል። አፍንጫዋን እይ፣ ቆሟል። ይሄ አዳኝ የያዘው እንስሳ ሌላ መንገድ ሲያጣ የሚገባበት ድንዛዜ ነው፤ የሞተ መስሎ፣ የአዳኙ መንጋጋ ላላ ሲል ለማምለጥ። ተመራማሪዎች እንዲህ የተገለበጡ ጥንቸሎችን ሲለኩ የልብ ምታቸውም፣ አተነፋፈሳቸውም፣ በደማቸው ያለው የጭንቀት ሆርሞንም ከፍ ብሎ ነው ያገኙት። አንተ ጥፍር ቆረጥኩ ብለህ ስትነሣ እሷ ከአፍ ያመለጠች ነው የሚመስላት፤ በሚቀጥለው ጊዜ እጅህን ስታይ ሶፋ ሥር የምትገባው ለዚህ ነው። ከዚያ «ክፉ ናት፣ አትያዝም» ብለህ ስሟን ታጠፋለህ። ክፉ አይደለችም፤ ታስታውሳለች። ዝም ያለ ሁሉ እሺ አላለም!

«ታዲያ መያዝ ካልወደደች እንዴት ይቆረጣል?»

ሳትነሣ! ይኸው ነው ነገሩ። የምትጠላው መቆረጡን አይደለም፣ መነሣቱን ነው። ከላይ የሚመጣ እጅ ለሷ ጭልፊት ነው። ዓይኖቿ በጎንና በጎን ስለሆኑ ዙሪያዋን ታያለች፤ የማታየው ከአፍንጫዋ ፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ ቦታና ከአገጯ ሥር ነው፤ ብዙ ሰው ደግሞ እጁን የሚዘረጋው ልክ እዚያ ላይ ነው። በጎን ና። ግንባሯን፣ ጉንጯን ዳብስ። ጥርሷን በቀስታ ስታንቀጫቅጭ ከሰማህ ደስ ብሏታል።

የኛዋን ቡላ እንላታለን፤ ለማንም እቅፍ የማትመች ናት። ስለዚህ እኔ ነኝ ወደሷ የምወርደው። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ በጉልበቶቼ መሃል አስቀምጣታለሁ፤ ጀርባዋ ወደ ሆዴ፣ ፊቷ ወደ ውጭ፤ አራቱም እግሯ መሬት ይዟል። ለተወሰኑ ቀናት መቁረጫ የሚባል ነገር አይታይም፤ እግሯን ነካ፣ የድንብላል ቅጠል፤ ነካ፣ ቅጠል። ከዚያ መቁረጫው አጠገቧ ይቀመጣል፤ ታሸተዋለች፣ በአገጯም ታሽበታለች፤ የኔ ነው ማለቷ ነው። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ጥፍር የሚቆረጠው።

«አንድ?! ታዲያ መቼ ልታልቅ ነው?»

የት ቀጠሮ አላት? ዛሬ አንድ፣ ነገ አንድ። እሺ ካለች ሁለት። ስትታገል ግን መቁረጫው ይቀመጥ፤ እሷን ልቀቅ አላልኩም፣ ትግሉን ልቀቅ።

አቆራረጡ ይሄ ነው። ጣትህን በውሃ ነካ አድርገህ ጠጉሩን ወደ ኋላ አስተኛው፣ ጥፍሩ ብቻውን ይወጣል። ነጣ ያለ ከሆነ ውስጡ ሮዝ መስመር ታያለህ፤ ደሟና ስሜቷ ያለው እዚያ ነው። ከመስመሩ ጫፍ ወደ ውጭ 2 ሚሊሜትር ያህል ተው፣ ከዚያ ቁረጥ። ጥፍሯ ጥቁር ከሆነ የእጅ ባትሪ ከጀርባው ይብራበት፣ የስልክህም ይበቃል። አሁንም ካልታየህ መቁረጫውን አሳርፈህ ሳትቆርጥ በስሱ ጫን በል፤ እግሯን ከሳበች ሥጋው ላይ ነህ፣ ወደ ጫፉ ውረድ። የፊት እግሯን አምስተኛ ጥፍር ደግሞ አትርሳት። ከውስጥ በኩል ከፍ ብላ በጠጉር ተሸፍና ትገኛለች፤ መሬት ስለማትነካ ቶሎ ትጎብጣለች፣ ሰውም የሚያልፈው እሷን ነው።

«ከደማስ?»

ይደማል፣ ይቆማል። የበቆሎ ስታርች ወይም የፉርኖ ዱቄት አጠገብህ ይኑር፤ ጫፉ ላይ አድርገህ ለጥቂት ደቂቃ ጫን ብለህ ያዝ። በየሰከንዱ እያነሣህ አትይ። ይህን ሁሉ አድርገህ ካልቆመ ሐኪም ዘንድ ነው።

«በፎጣ ብንጠቀልላትስ?»

መሬት ላይ እሺ ካላለች ይሁን፤ ሦስት እግሯ ገብቶ፣ የምትቆርጠው ብቻ ወጥቶ፣ አፍንጫዋ ተከፍቶ። ግን አታቆያት። ጥንቸል አታልብም፤ በሞቃት ቀን በፎጣ ተጠቅልላ ከቆየች ሙቀቱ ራሱ ይጥላታል።

«ጥፍሯን ከነአካቴው ማስነቀል አይቻልም?»

አይቻልም! የጣቷን ጫፍ አጥንት ቆርጦ መጣል ነው። ቀጥል።

«ለጥንቸል ጥፍር ሐኪም ቤት መሄድ? ገንዘብሽ ተርፎሻል!»

አልተረፈኝም። በየዓመቱ ከፈረንጅ ፋሲካ በኋላ የአሜሪካ የእንስሳት መጠለያዎች ለልጅ ስጦታ ተገዝተው በተጣሉ ጥንቸሎች ይጨናነቃሉ፤ የገዛትም ያኔ ገንዘቡ የተረፈው ነበር። ጥንቸል የሚያውቅ ሐኪም ዘንድ ረዳቷ በደቂቃዎች ትጨርሰዋለች፤ እንዴት እንደምትይዛት ቆመህ እይ፣ ጠይቅ። የቤቱን ትግል የማትችል ጥንቸል ካለችህ የተሻለው ገንዘብህ እዚያ የወጣው ነው። ማደንዘዣ ነገር ግን ራስህ ገዝተህ እንዳትሰጣት!

ባለቤቴም በበር ብቅ ይላል። «እኔ ምኗን ልያዝ?»

ድንብላሉን ያዝ!

«ተቆረጠች፣ በቃ አለቀ?»

አላለቀም። ድንጋጤ የጥንቸልን አንጀት ያቆማል። ከተቆረጠች በኋላ ድርቆሿን ትበላለች ወይ? ኩሷ ይታያል ወይ? ሁለቱንም አይተህ ተኛ። ከ10 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ምንም ካልበላች፣ ምንም ካልጣለች «ነገ ትበላለች» አትበል፤ ሌሊትም ቢሆን ደውል፣ ይዘሃት ሂድ። እንግዲህ ያኔ አንሣት፤ አንድ እጅህ ከደረቷ ሥር፣ ሌላው ከመቀመጫዋ ሥር፣ ከሰውነትህ ጋር ተጣብቃ።