በአንድ ተቃውሞ ፀደቀ

እንኳን ደስ ያለዎት፣ የተከበሩ! ከትንሽ ፓርቲ ተወዳድሮ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መግባት የዋዛ ነገር አይደለም። አሁን የሚቀረው ሥራውን ማወቅ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ላይ ከተጻፈው ጋር ብቻ እንዳይምታታብዎ። አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዢ ነው ይላል። ሦስት አለቃ! ሦስት አለቃ እያገለገለ ዕድገት ያገኘ ሠራተኛ የት ያውቃሉ?

ሥራዎ አንድ ነው፤ አዋጁን ማሳመር። “በሙሉ ድምፅ ፀደቀ” የሚለው ዜና ሲደጋገም ለዛው ያልቃል፤ አገር ውስጥ ያለው ያዛጋል፣ ፈረንጁም ቅንድቡን ይሰቅላል። “በአንድ ተቃውሞና በሁለት ድምፀ ተአቅቦ፣ በአብላጫ ድምፅ ፀደቀ” ሲባል ግን እንዴት ያምራል! ክርክር የነበረ ይመስላል። ያቺ አንዷ እርስዎ ነዎት።

መጠኑ ግን ወሳኝ ነው። በ1997 ተቃዋሚው ከልክ በላይ አሸነፈ፤ ከተመረጡት ገሚሱ ገባ፣ ገሚሱ አልገባም አለ፣ የተቃዋሚው ቅንጅት መሪዎችም ቃሊቲ እስር ቤት ወረዱ። ከዚያ ትምህርት ተወሰደና በ2002 ከ547 ወንበር ለተቃዋሚ ፓርቲ የደረሰው አንድ ብቻ ሆነ። የመድረኩ ግርማ ሰይፉ ከመርካቶ አካባቢ ተመርጠው ገቡ። ሰውየው የተሰጣቸውን ደቂቃ በከንቱ አላባከኑም፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ቢሆንም እጃቸውን ቢያወጡም ባያወጡም አዋጁ ያው ይፀድቃል፤ ሲያወጡ ዜናው ይደምቃል እንጂ። በ2007 ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ጠቅልለው ሲወስዱ ያቺ አንዷም ቀረች። የ2013ቱ ምርጫ ነው ጌጡን የመለሰው፤ ብልጽግና 410፣ አብን 5፣ ኢዜማ 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2። በግላቸው ያሸነፉ 4 ሰዎችም ነበሩ። ከዚህ በላይ ልከኛ ተቃዋሚ በልብስ ሰፊም አይገኝ!

ትልቁ ቀንዎ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጥያቄ ሊመልሱ የሚመጡበት ነው። ከረባትዎን ያሳምሩ፤ ካሜራው ወደ እርስዎ ረድፍ የሚዞረው ያን ቀን ነው። ሲፈቀድልዎ መጀመሪያ ዕድሉ ስለተሰጠዎ ያመሰግናሉ። ቀጥሎ ስለ አረንጓዴ አሻራው አድናቆትዎን ይገልጻሉ። ከዚያ “ይሁን እንጂ” ይላሉ። እዚህ ላይ ፈጠን ይበሉ፣ ምክንያቱም ከ“ይሁን እንጂ” በኋላ ብዙ ጊዜ የሚከተለው “የተከበሩ፣ ሰዓትዎን አክብረው ያጠቃልሉ” የሚለው የአፈ ጉባኤው ድምፅ ነው። መልሱ ዕለቱን ይመጣል፤ የእርስዎ ጥያቄ ከሌሎች አምስት ጥያቄዎች ጋር ተጠቃልሎ፣ በመሐል ቀልድ ጣል ተደርጎበት። ቤቱ ሲስቅ አብረው ይሳቁ። የሚሳቀው በእርስዎ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ጠንከር አድርገው።

ለእረፍት ወደ መረጠዎት ሕዝብ ሲወርዱ ሽማግሌ ይጠይቅዎታል።

“ልጄ፣ የመንገዱ ነገር እንዴት ሆነ?”

“አባቴ፣ በምክር ቤቱ ጥያቄ አንስቻለሁ።”

“እሱንማ በቴሌቪዥን አየንህ፤ ከረባቱም አምሮብሃል። መንገዱስ?”

እዚህ ላይ የሕዳሴ ግድብን ማንሳት ይበጃል።

ዕድገትን በተመለከተ አይስጉ። የኢዜማው ብርሃኑ ነጋ ትምህርት ሚኒስትር፣ የአብኑ በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር ሆነዋል። ብቸኛው ተቃዋሚ የነበሩት ግርማ ሰይፉም የአዲስ አበባ ኢንቨስትመንት ኮሚሽንን እንዲመሩ ተሹመዋል። ከሁሉ የሚያስቀናው ግን የኦነጉ ቀጀላ መርዳሳ የባህልና ስፖርት ሚኒስትር ሆነው መሾማቸው ነበር፤ ፓርቲያቸው የ2013ቱን ምርጫ ጥሎ የወጣ ነበር። ለካ ያ ሁሉ ቅስቀሳ፣ ያ ሁሉ በሞንታርቦ መጮህ፣ ያ ሁሉ ፀሐይ አያስፈልግም ኖሯል! እርስዎ ግን አንዴ ደክመው ገብተዋልና ይቅር ይበሏቸው።

አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፤ ሥራውን የምር እንዳይወስዱት። የአብኑ ክርስቲያን ታደለ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴን ሲመሩ የኦዲት ግኝት የተገኘበትን መሥሪያ ቤት ኃላፊ ፊት ለፊት ይጠይቁ ነበር። በ2015 ክረምት፣ የምክር ቤት አባል እንደሆኑ፣ ታሰሩ። ያለመከሰስ መብት የሚባለው ነገር አለ፤ መኖሩን ማንም አልካደም። ከዣንጥላ ቢበልጥ ነው እንጂ አያንስም፤ ዝናብ በሌለበት ቀን ሁሉ ይሠራል።

የሙያዎ እውነተኛ አደጋ ግን ሌላ ነው። የካቲት 2010 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ለድምፅ ሲቀርብ ቤቱ ውስጥ የተቃዋሚ ፓርቲ አባል ለመድኃኒት አልነበረም። ሆኖም 88 እጅ በተቃውሞ ወጣ። የደገፉት መጀመሪያ 346 ናቸው ተባለ፤ ይህ ሁለት ሦስተኛ አይሞላም የሚል ሲነሳ ደግሞ 395 ናቸው ተብሎ ታረመ። ቁጥሩን ለሒሳብ አዋቂ እንተወውና፣ የተቃወሙት ሁሉ ከገዢው ፓርቲና ከአጋሮቹ ወንበር ላይ የተነሡ ነበሩ። የእርስዎን እንጀራ ሊበሉ! እንዲያ ያለ ቀን ከተደገመ እጅዎን ቀድመው ያውጡ፣ ከፍም ያድርጉት፤ አለዚያ “በ88 ተቃውሞ” ሲባል ከመሐል የትኛው እንደሆኑ ባለቤትዎም አይለዩዎት።