«ሃምሳ ሺህ!» ያልኩት እኔ ነኝ

ክለቤ አዲስ አበባ ስታዲየም በሚጫወትበት ዘመን የኔ ቦታ ካታንጋ የሚባለው የተመልካች መቀመጫ ነበር። እዚያ ተቀምጬ ያላባረርኩት አሠልጣኝ፣ ያላስፈረምኩት አጥቂ የለም። «ቦርዱ ይውረድ!» ሲባል ድምፄ ከማንም ቀድሞ ይሰማል። «ገንዘብ አውጡ እንጂ!» ሲባልም እንደዚያው። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ጠይቄ አላውቅም፤ የካታንጋ ትኬት የቆረጠ ሰው ይህን የማሰብ ግዴታ የለበትም።

እናም ክለቤ «የቢዝነስ ትውውቅ ምሽት» ብሎ ነጋዴውን ወደ አንድ ሆቴል ሲጠራ፣ እኔም ራሴን ከነጋዴ ቆጠርኩ። የክለቡን ስም አልጠራም፤ እሱም የኔን ባያነሳ ይመርጣል። ያለችኝ አንዲት የባነርና የማኅተም ሥራ ሱቅ ናት። ካርድም ስለማትም ማዕረግ በነፃ ነው የማገኘው። ለዚያ ምሽት «ዋና ሥራ አስፈጻሚ» ብዬ በወርቃማ ቀለም አተምኩ። ባለቤቴ አንዱን አንስታ አገላብጣ አየችና «ምክትሉስ ማን ነው?» አለችኝ። አልመለስኩላትም። ምክትሉ የእህቴ ልጅ ነው፤ እሱም ትምህርት ሲዘጋ።

ዕቅዴ ቀላል ነበር፦ ከቦርድ አባላቱ አንዱን ይዤ የደጋፊዎችን ማሊያ የማተም ሥራ መቀበል። አዳራሹ ስገባ ግን ሁሉም እንደኔ ሊሸጥ ነው የመጣው። የኢንሹራንሱ ሰው ለእኔ ካርድ ይሰጣል፣ እኔ ለውሃ አከፋፋዩ፣ ውሃ አከፋፋዩ ለኢንሹራንሱ ሰው። ገዢ ከነበረም ተደብቋል። አንዱ «ስንት ሠራተኛ አላችሁ?» ሲለኝ «እንደ ሥራው ብዛት ይለያያል» አልኩት። ደግነቱ ቡፌው ተከፈተ።

የቦርድ አባሉ የተገኙት እዚያ ነው። ችግሩ እኔ ዶሮ ወጡን ጀምሬያለሁ። ቀኝ እጄ እስከ መዳፉ ቀልቷል፣ ግራዬ ሳህን ይዟል። ሰላም ሲሉኝ አንጓዬን ዘረጋሁላቸው፤ እሳቸውም ጨዋ ናቸው፣ አንጓዬን ጨበጡ። ካርድ ልስጥ ብል በግራ መስጠት ነውር ነው፣ በቀኝ መስጠት ወጥ ነው። «ጋሼ፣ ከደረት ኪሴ ያውጡት» አልኳቸው። አወጡት። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡና «ኢንሹራንስ እንኳ አለን፣ ተመስገን» ብለው መልሰው ኪሴ ከተቱልኝ። ያወጡት የኢንሹራንሱን ሰው ካርድ ነበር። ላስረዳ አፌን ስከፍት ዕንቁላሉ አፌ ውስጥ ነበር።

ቀጥሎ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ቁጥር የሞላበት ስክሪን ፊት ቆመ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሊጉ ጨዋታ በተመረጡ ከተሞች እየዞረ ስለሚካሄድ፣ በራስ ሜዳ ትኬት ሸጦ የሚገኘው ገቢ መቀነሱን አስረዳ። ለክለቦች ዋና ስፖንሰር የነበሩት ቢራ ፋብሪካዎችም፣ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ካስወጣ ወዲህ እጃቸው እንደበፊቱ አይዘረጋም አለ። የሆቴሉ፣ የትራንስፖርቱ፣ የደመወዙ ወጪ ግን ማንንም አይጠብቅም። እኔ ነገሩን ከድሮ እንደሚያውቅ ሰው ራሴን እነቀንቃለሁ። ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላውቅም ነበር፤ አስተያየት ግን በየሳምንቱ ነበረኝ።

ከዚያ ጨረታው መጣ። ተጫዋቾቹ የፈረሙበት ማሊያ፣ መነሻው 10 ሺህ ብር። ከጎናችን ያለው ጠረጴዛ ላይ አንድ የምር ሀብታም ተቀምጧል፤ «ሃያ!» ይላል፣ «ሠላሳ!» ይላል። ዋጋ የጠራ ሰው ሁሉ እንደሚጨበጨብለትና ካሜራው ወደሱ እንደሚዞር ልብ አልኩ። ሒሳቡን ሠራሁ፦ አንድ ዋጋ እጠራለሁ፣ ይጨበጨብልኛል፣ ሀብታሙ ይበልጠኛል፣ በነፃ ተከብሬ ወደ ቤቴ እገባለሁ።

«ሃምሳ ሺህ!»

አዳራሹ ተናወጠ። ካሜራው ዞረ። ተነሥቼ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ፤ ወጡ ሸሚዜ ላይ መቅረቱን ያየሁት ኋላ ፎቶው ላይ ነው። ከዚያ ወደ ሀብታሙ ዞርኩ። ሰውየው ጎድን ይግጣል። መድረክ መሪው «አንድ ጊዜ!» አለ። ሰውየው አጥንቱን ገለበጠው። «ሁለት ጊዜ!» ሰው አጥንት ሲግጥ እንደዚያ ጠልቼ አላውቅም። «ሦስት ጊዜ! ለዋና ሥራ አስፈጻሚው!» ሀብታሙ ያኔ ቀና ብሎ ከሁሉም በላይ አጨበጨበልኝ።

የክለቡ የሒሳብ ክፍል ልጅ በማግስቱ ደወለች። ትሕትናዋ ያስጨንቃል። «ስብሰባ ላይ ነኝ» አልኳት፤ ከኋላዬ የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ቀለሙ አለቀ!» እያለ ይጮኻል። ስብሰባዬ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ዕቁቤ ሲወጣ ከፈልኩ፤ ዕቁቡ ለአዲስ ማተሚያ ማሽን ታስቦ የነበረ ነው። «ገንዘብ አውጡ ስትል ነበር፤ አወጣህ» አለች ባለቤቴ። ሌላ ምንም አላለችም፣ እሱ ነው የከበደኝ።

ማሊያው የአንድ ቀጭን የክንፍ ተጫዋች ነው፤ እኔ ላይ እምብርቴን አያልፍም። ፊርማውን ከሁሉም አተልቆ የጻፈው አጥቂ ደግሞ ክረምቱ ሲገባ ለተቀናቃኛችን ፈረመ።

አሁን ሱቁ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሏል፤ ይሸጣል። የምትፈልጉ ኑና በዋጋው እንነጋገር። ብቻ አንድ በአንድ ኑ፣ ጨረታ አላወጣም።